የኦንላይን ሱቅ ለምትከፍተው ልጄ

ልጄ ሆይ፣ ሜሪላንድ ላይ ተቀምጠሽ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት በኦንላይን ልትሸጪ መነሳትሽ ደስ አሰኝቶኛል። የመጀመሪያ ጭንቀትሽ «ጎግል ላይ እንዴት ከላይ ልውጣ?» የሚለው እንደሚሆን ይገባኛል፤ ሱቁ ገና ሳይሟሟቅ «እኔ አንደኛ አወጣሻለሁ» የሚል ኢሜይል መጉረፉም አይቀርም። እኔ ግን ከልቤ የምለምንሽ፣ ገንዘብሽንም ጊዜሽንም አስቀድመሽ የሸቀጥሽ ገጽ ላይ እንድታውይ ነው። ለመገኘት የሚያበቃሽና ለመሸጥ የሚያበቃሽ ሥራ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ገዢው ይዞት የመጣውን ጥያቄ እዚያው ገጽ ላይ አሟልቶ መመለስ።

ሒሳቡን ተመልከቺው። ከ1000 ጎብኚ 10 ሰው ገዛ እንበል። ሽያጩን እጥፍ ለማድረግ ወይ ሌላ 1000 ሰው ትጠሪያለሽ፣ ወይ ከመጡት መካከል 20 እንዲገዙ ታደርጊያለሽ። ሰው በማስታወቂያ መጥራት በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ ክፍያው ሲቆም ሰውም ይቆማል። የተስተካከለ ገጽ ግን ዛሬ ለመጣውም ከርሞ ለሚመጣውም ያገለግላል። የኦንላይን ግብይትን የሚያጠናው የዴንማርኩ ቤይማርድ ተቋም በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ እንዳሳየው፣ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ካስገቡ ሰዎች 70 በመቶ ገደማው ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ዝም ብለው ለማየት የገቡት ሲቀነሱ ቀዳሚው ምክንያት መጨረሻ ላይ ብቅ የሚለው የመላኪያና የግብር ጭማሪ ነው፤ «መጀመሪያ አካውንት ክፈቱ» መባልም ብዙውን ያባርራል። እነዚህ ሰዎች አግኝተውሻል፣ ዕቃሽን ወድደዋል፣ መርጠዋልም፤ የጠፉብሽ በሩ ላይ ነው። ስለዚህ የመላኪያውን ዋጋ ከበርበሬው ዋጋ አጠገብ ጻፊው፤ አካውንት ሳይከፍቱም መክፈል ይቻል። ለአንድ ከረጢት መላኪያው ከበዛ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ በአንድ ካርቶን አድርገሽ ሽጪ።

መርካቶ በርበሬ የምትገዛ እናት ቆንጥራ ታሸታለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ በምላሷ ጫፍ ትቀምሳለች፣ «ጨው ገብቶበታል? መቼ ነው የተፈጨው?» ብላም ትጠይቃለች። በስልክ ከአንቺ የምትገዛ ሴት ይህ ሁሉ ስለሚቀርባት ገጹ በእጇና በአፍንጫዋ ፈንታ ሊቆምላት ይገባል። «ምርጥ የሀበሻ በርበሬ፣ በጥራት የተዘጋጀ» የሚለው ጽሑፍ ከጥያቄዎቿ አንዱንም አይመልስም። ዛላው ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተፈጨ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ ገብተውበት እንደሆነ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው፣ ለ4 ሰው ምስር ወጥ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ፣ ስንት ግራም እንደሚመዝንና እንዴት እንደሚቀመጥ ጻፊላት። አንዱ ፎቶ ከረጢቱን ያሳይ፤ ሌላው ዱቄቱን ነጭ ሳህን ላይ፣ በቀን ብርሃን። የገጹም ርዕስ ስሙን ብቻ አይበል፤ ምግብ ቤት ቀምሶት የወደደ አሜሪካዊ «የኢትዮጵያ ቀይ ቅመም» ብሎ ይፈልግ ይሆናልና ምንነቱም በእንግሊዝኛ ይታከልበት።

«ይህ ለገዢ ነው፤ ለጎግል ምን ይረባዋል?» ትይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ጎግልን ሲመሠርቱ መነሻ ሐሳባቸው፣ አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚሰጠውን ሊንክ እንደ ምስክርነት መቁጠር ነበር። ምስክርነት ዋጋ ሲያወጣ ሐሰተኛ ምስክርም ስለማይጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ሐሰተኛውን የማጥራት ታሪክ ነው። ገጹ ውስጥ ተደብቆ የሚደረደረውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ጎግል በ2009 በይፋ ተናገረ። በ2011 ፓንዳ የተባለው ለውጥ ፍሬ የሌላቸውን ገጾች፣ በ2012 ደግሞ ፔንጉዊን በግዢ የተከማቹ ሊንኮችን ወደ ታች አወረደ። ሌሎች እያታለሉ ቀድመውኝ ሲሄዱ ዝም ብዬ ልይ ወይ ካልሽኝ፣ እውነት ነው፣ ለጊዜው የሚቀድም አለ። ግን በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ የጄሲ ፔኒን ጉዳይ ሲያጋልጥ የሆነውን አስቢ። ለዚያ ትልቅ መደብር ሲባል በየማይገናኘው ድረ-ገጽ ሊንክ ተዘርቶ ነበር፤ መደብሩ «እኔ አላዘዝኩም» ቢልም፣ ለአንድ የሻንጣ ፍለጋ 1ኛ የነበረው ስሙ በሰዓታት ውስጥ 71ኛ ሆነ። የቀጠርሽው ሰው የሠራው ተንኮል ዕዳው አንቺው ላይ ያርፋል፤ አንቺ ደግሞ እንደ ጄሲ ፔኒ ሌላ ገቢ የለሽም። የሐሰት የገዢ አስተያየት መግዛትም ከ2024 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በግልጽ የተከለከለና በገንዘብ የሚያስቀጣ ነው።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ አማዞንና ስለ ትልልቆቹ ሱቆች የሚነሳው ነው። «በርበሬ» በሚለው አንድ ቃል እነሱን ለማለፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ነገር ግን ሰው ጨው የሌለው በርበሬ፣ ለጾም የሚሆን ሽሮ፣ ለ6 ሰው ዶሮ ወጥ የሚበቃ በርበሬ እያለም ይፈልጋል። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚመጣው ሰው ጥቂት ቢሆንም ሊገዛ የቆረጠ ነው፤ ሺህ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጥ መደብርም ይህን ያህል ዘርዝሮ አይጽፍለትም። በዚህ አንቺን የሚስተካከልሽ የለም፤ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚቁላላ ታውቂያለሽና። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የምታዘጋጂውን ገጽ በዓሉ ከመድረሱ ወራት ቀደም ብለሽ አውጪው። በዓሉ ሲያልፍም አታጥፊው፤ በየዓመቱ በዚያው አድራሻ አድሺው። አዲስ አድራሻ ስትከፍቺ ያገኘሽውን ምስክርነት ጥለሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ገና ጎብኚ ሳይኖረኝ ገጹ መሥራቱን በምን አውቃለሁ የሚለው ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ዛሬ 3 ሰው፣ ትናንት 1 ሰው መግዛቱ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ከእሱ ትምህርት አትቅጂ። የድረ-ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እንደጻፈው 5 ሰው ሲጠቀም ማየት አብዛኛውን እንቅፋት ለማግኘት ይበቃል። ዘመድ ያልሆኑ 5 ሰዎች ፈልጊ፤ በየራሳቸው ስልክ አንድ ኪሎ ሽሮ ይግዙ፤ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ አፍሽን ያዢ፣ ጣታቸው የሚቆምበትን ቦታ ብቻ መዝግቢ። ጎን ለጎን የጎግልን ነጻ መሣሪያ ሰርች ኮንሶልን ክፈቺ፤ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጽሽ እንደታየና ስንቱ እንደነካው ያሳይሻል። ብዙ ታይቶ ጥቂት ሰው የነካው ገጽ ካለ ርዕሱን አስተካክዪ። ብዙ ተነክቶ ካልተሸጠ ግን የጎደለው ገጹ ውስጥ ያለ መልስ ነው።

ትዕግሥት ይኑርሽ። ጎግል ራሱ ባለሙያ ለሚቀጥሩ ሰዎች በሚሰጠው ምክር ለውጡ ፍሬ እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ፣ አንደኛ ደረጃንም ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጽፏል። በቲክቶክ ብቻ እሸጣለሁ ለሚል ሐሳብሽም መልሴ አጭር ነው፦ ተጠቀሚበት፣ ነገር ግን ከዚያ የሚመጣውም ሰው የሚያርፈው እዚሁ ገጽ ላይ ነው። ሁሉንም ሸቀጥ በአንዴ ልጻፍ አትበይ። በበርበሬው ጀምሪ፤ ገጹን ለሕዝብ ከመልቀቅሽ በፊት ላኪልኝና እናትሽና እኔ እንደ ገዢ ሆነን የጎደለውን እንጠይቅሻለን።

አባትሽ