አንደበት የሌለው ሕመምተኛ

ሰው በታመመ ጊዜ ከሐኪም ፊት ቀርቦ፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ትናንት ማታ ይህን በላሁ፤ ዛሬ ጧት ያቅለሸልሸኝ ጀመር» ሲል ሁኔታውን ይገልጻል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂልም መናገር እየቻለ ዝም ላለ ሰው የተነገረ ነው። በሬና ላም፣ በግና ፍየል፣ አህያና ውሻ ግን ሕመማቸውን ለመደብቅ ባይፈልጉም ተደብቆ ይቀራል፤ አንደበት የላቸውምና። ምን እንደ በሉ፣ የት እንደ ዋሉ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመራቸው የሚናገርላቸው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ይህ ችግር ጎልቶ የሚታየው በተለይ እንስሳው መርዝ ባገኘው ጊዜ ነው። መርዝ ለምርመራ ፋታ አይሰጥም፤ ሐኪሙ በሚደርስበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ምስክር ሆኖ የሚገኘው ሰው እረኛው ብቻ ነው። በመርዝ የተጎዳ እንስሳ የሚድነው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በጠባቂው ዓይንና ቃል መሆኑን በዚህ ድርሰት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መርዝ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው የእባብ ንክሻ ወይም ጠላት በስውር ያቀበለው ነገር ነው። ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ከ1493 እስከ 1541 የኖረው የስዊስ ተወላጅ ሐኪም ፓራሴልሰስ፣ አንድን ነገር መርዝ የሚያደርገው መጠኑ እንደ ሆነ አስተምሯል። አባቶቻችን «ማርም ሲበዛ ይመራል» ማለታቸው ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ ጨው ለከብት እጅግ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ ያጣ እንስሳ ብዙ ጨው ቢወስድ አንጎሉ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የመርዝ ባለሙያ «ምን በላ?» ብሎ ብቻ አያቆምም። «ምን ያህል በላ? በምን ያህል ጊዜ ውስጥ? መርዙ የገባው በአፉ ነው፣ በቆዳው ነው ወይስ በትንፋሹ? የእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜውና ክብደቱስ?» እያለ ይጠይቃል። ቶክሲኮሎጂ የሚባለው የመርዝ ጥናት የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የጥያቄዎቹን ዋጋ የተረዳሁት ገና በልጅነቴ ነበር። ያደግሁት ማሽላ በሚዘራበት በይፋት ቆላ ነው። በ1979 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በመዘግየቱ በቀበሌያችን የማሽላው ማሳ ከጉልበት ሳያልፍ ጠወለገ። ገበሬውም «ለከብት እንኳ ይሁን» ብሎ አጨደው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝናብ ሲጥል ከየጉቶው ለምለም ቡቃያ አቆጠቆጠ። አንድ ቀን ማለዳ ከብቶቻችን የበረቱን አጥር ጥሰው ከጎረቤታችን ማሳ ገቡ። እኔ ስደርስ ቀዩ በሬያችንና ጊደራችን ከማሳው መካከል ቆመው ይግጣሉ፤ አሮጊቷ ላም ግን ገና ከዳር ነበረች። ነድቼ አወጣኋቸው። ብዙም ሳይርቁ በሬው ትንፋሽ አጠረው፤ አፉን ከፍቶ ያለከልክ ጀመር፤ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ተንገዳግዶ ወደቀና እግሮቹን እያንፈራገጠ ሞተ። ጊደሯም ያንኑ ምልክት አሳየች። አባቴ «ሥጋዋ እንኳ ይትረፍ» ብሎ ነፍሷ ሳይወጣ አረዳት። የፈሰሰው ደም ከወትሮው ይልቅ ደማቅ ቀይ እንደ ነበረ አልረሳውም። ላሟ ግን ጥቂት ስትንቀጠቀጥ ቆይታ ዳነች።

አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንዱን ሲያጣ የሌላውም ጥቅም ይጎድልበታል። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ባለቤቱ መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፤ ወረፋ ሲጠብቅም የዘር ጊዜ ያልፍበታል። የዚያን ዕለት በቤታችን የነበረው ኀዘን ከዚህ የመጣ ነበር። ከኀዘኑ ይበልጥ የከፋው ግን ጥርጣሬው ነው። አባቴ ከዚያ ጎረቤታችን ጋር የወሰን ክርክር ነበረውና ገና እኩለ ቀን ሳይሆን «ሆን ብሎ መርዝ ነስንሶ ፈጀብን» የሚል ወሬ መንደሩን አዳረሰ። «ቡዳ በልቷቸው ነው» ያሉም አልታጡም። አጎቶቼ ዱላቸውን አንሥተው ቆሙ፤ ሽማግሌዎችም በግድ ያዟቸው።

ከሰዓት በኋላ ከወረዳው የደረሰው የእንስሳት ጤና ረዳት በመጀመሪያ ያዘዘው የበሬው ሬሳ እንዳይከፈት፣ የጊደሯም ሥጋ እንዳይቀመስ ነበር። በድንገት የሞተ ከብት በአባ ሰንጋ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሬሳ የሚከፍት ሰው በሽታውን ወደ ራሱና ወደ አካባቢው ያዛምታል። ለምርመራ ከበሬው ጆሮ ጥቂት ደም ከወሰደ በኋላ እኔን አስጠራኝ። ስንት ከብት ገባ? የትኛው ቀደመ? ምን ያህል ጊዜ ቆዩ? የቡቃያው ቁመት እስከ ምን ይደርሳል? አተነፋፈሳቸው እንዴት ነበር? የደሙ መልክስ? ያየሁትን ሁሉ በየተራ ነገርሁት። አስቀድሞ የተከፈተው የጊደሯ ጨጓራም በማሽላ ቅጠል ተሞልቶ ተገኘ። በማግሥቱ ደሙ ተመርምሮ ከአባ ሰንጋ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ «ከብቶቹን የገደላቸው ቡቃያው እንጂ ሰው አይደለም» ሲል ለሽማግሌዎቹ አስረዳቸው። አንድ አዛውንትም ቡቃያ ማሽላ ከብት እንደሚጥል ከአባታቸው መስማታቸውን መሰከሩ። ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ፤ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ሊወርድ የነበረው ዱላም ቀረ።

የማሽላ ቡቃያ ከብት የሚገድልበት ምክንያት ዛሬ በሚገባ የታወቀ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲታኘክ ይህ ንጥረ ነገር ከራሱ ከተክሉ ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይወጣል። በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳትም ይህን ሂደት ያፋጥኑታል። ሳያናይድ የሰውነት ሕዋሳት በደም የመጣላቸውን ኦክሲጅን እንዳይጠቀሙበት ያግዳቸዋል። ኦክሲጅኑ ሳይነካ ስለሚመለስ ደሙ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ እንስሳውም አየር እየሳበ ታፍኖ ይሞታል።

መጠኑን በስሌት እንመልከት። ለአብዛኞቹ እንስሳት ገዳይ የሚሆነው በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 2 ሚሊግራም ያህል ሳያናይድ ነው። እንግዲህ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ 600 ሚሊግራም ይገድለዋል ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል ውስጥ 200 ሚሊግራም ቢኖር፣ በሬውን ለመግደል 3 ኪሎ ግራም ቅጠል ይበቃል። የተራበ በሬ ይህን በጥቂት ደቂቃዎች ይግጠዋል። ጥቂት በጥቂት የገባውን ግን ሰውነቱ ወደማይጎዳ ነገር ሊለውጠው ይችላል። ከማሳው ዳር የነበረችው ላማችን የዳነችው በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ በተለይም ድርቅ ከመታው በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ ማሽላ እጅግ አደገኛ ነው። በሚገባ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን አደጋው ይቀንሳል፤ የበሰለው እህል ደግሞ ይህ ጉዳት የለበትም።

የጠባቂው ምስክርነት የሚያስፈልገው ምክንያቱን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን ለመምረጥም ነው። ሳያናይድ የገባበትን እንስሳ ሐኪሙ በጊዜ ከደረሰ በደም ሥር በሚሰጡ ሶዲየም ናይትራይትና ሶዲየም ታዮሰልፌት ሊያድነው ይችላል። በድርቅ የተጎዳ መኖ አንዳንድ ጊዜ ናይትሬት ያጠራቅማል፤ ያን የበላ ከብትም እንዲሁ ትንፋሽ ያጥረዋል። ነገር ግን ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ መድኃኒቱም ሜቲሊን ብሉ ነው። ለመዥገር ማጥፊያ የሚረጨው ዲያዚኖን ከመጠን ያለፈበት ከብት ደግሞ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ ዕንባው ይፈሳል፤ ያስቀምጠዋል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፤ ሰውነቱም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ የሚሰጠው አትሮፒን ነው። እንግዲህ የደሙን መልክ ወይም የለሐጩን መብዛት ያስተዋለ እረኛ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ አቃለለ ማለት ይቻላል።

የእንስሳው ዓይነትም መታወቅ አለበት። ለሰው ራስ ምታት የሚያስታግሰው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ የድመት ጉበት እንደ ሰው ጉበት ሊያስወግደው አይችልምና። ለዶሮና ለከብት መኖ የሚጨመረው ሞኔንሲንም ለፈረስ በጥቂት መጠን ገዳይ ነው። «ለእኔ የተስማማኝ ለእርሱም ይስማማዋል» ብሎ ማሰብ ብዙ የቤት እንስሳትን ፈጅቷል።

የአንድ ገበሬ አስተዋይነት ለዓለም ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ታሪክ በአሜሪካ አገር ተፈጽሟል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች፣ ስዊት ክሎቨር የሚባለውን መኖ ሻግቶ የበሉ ከብቶች ደማቸው ሳይቆም እየፈሰሰ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደረሰ። ይዞ የመጣውም የሞተች ጊደር፣ በወተት ዕቃ የተሞላ ያልረጋ ደምና የተበላሸውን ድርቆሽ ነበር። ካርል ፖል ሊንክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅና ረዳቶቹ በምርምር ቀጠሉበትና እ.ኤ.አ. በ1939 ደሙን እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚህ ምርምር ዋርፋሪን የተባለው ተገኘ፤ መጀመሪያ የአይጥ መርዝ፣ በኋላም በመጠን ሲሰጥ በሰው ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ሆነ። ገበሬው የኬሚስትሪ ዕውቀት አልነበረውም፤ ማስረጃውን ግን ሳይጥል አቀረበ።

ስለዚህ እንስሳ መርዝ አገኘው ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ በመጀመሪያ እርሱንም ሌሎቹንም ከመኖው ወይም ከስፍራው ማራቅ ይገባል። ቀጥሎ ወደ ሐኪም መላክ ነው። በቆዳው ላይ ኬሚካል የፈሰሰበት እንስሳ በብዙ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፤ አጣቢውም እጁን መሸፈን አለበት። በብዙ ስፍራ እንደሚደረገው ወተት ወይም ዘይት መጋት ግን አደገኛ ነው፤ መዋጥ ያቃተው እንስሳ የተጋተው ወደ ሳንባው ይገባና በሌላ ምክንያት ይሞታል። የበላው ተክል፣ የመኖው ቅሪት፣ የኬሚካሉ ዕቃ ከነጽሑፉ ተጠብቆ ለሐኪሙ ይቅረብ። ምልክቱ የታየበት ሰዓትና የታመሙት ብዛትም ይመዝገብ።

በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞችን በዲግሪ የሚያሠለጥን ፋኩልቲ በደብረ ዘይት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ሥራ ይዘዋል። ሆኖም ሐኪም ምንም ቢበዛ፣ ከብቱ ከማሳ ሲገባና ሲወድቅ በስፍራው ሊገኝ አይችልም። በስፍራው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። ቡቃያውን ከሌላው ሣር የሚለይ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚናገር ልጅ የቤተሰቡን በሬ ሊያተርፍ ይችላል። በሬው ባይተርፍ እንኳ፣ የሞቱ ምክንያት ታውቆ በጎረቤት ላይ የሐሰት ክስ እንዳይነሣ ያደርጋል።