የአባቴ ሁለት ክኒኖች



አባቴ ከሱጁድ ለመነሳት ግድግዳ መያዝ የጀመሩት ባለፈው ጥቅምት ነበር። በደብረ ማርቆስ ጥቅምት ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት ወር ነውና ማንኛችንም አልደነገጥንም። «ብርድ ገብቶብኝ ነው» አሉ፤ እናቴም ማታ ማታ ጭናቸውንና ትከሻቸውን በቅቤ ታሽላቸው ጀመር። አንዱ ጎረቤት ቁርጥማት ነው አለ፤ ሌላው ነርቭ ነው አለ። ሕመሙ ግን መገጣጠሚያቸው ላይ ሳይሆን ሥጋቸው ላይ ነበር። ጭናቸው ሲነካ ያማቸዋል፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ፈጅርን በጀማዓ ሳይሰግዱ መዋል የማይሆንላቸው ሰው ቤት ውስጥ በወንበር መስገድ ሲጀምሩ ነበር ልቤ የፈራው።

አባቴ ለደም ብዛታቸው አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም መውሰድ ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በክረምቱ አዲስ አበባ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ በሄዱ ጊዜ አንድ ክሊኒክ ደማቸውን መርምሮ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን ነገራቸውና ሲምቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ማታ ማታ እንዲውጡ አዘዘላቸው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ይኖር እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። (ለነገሩ እኛ ቤት የደም ብዛት ክኒን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ቁርስ ከተቆጠረ ቆይቷል።)

በኅዳር አንድ ቀን ለብቻዬ ጠሩኝና «የጎዳኝን ነገር አገኘሁት» አሉኝ። «ያ የግፊት ክኒን ነው። ይኸው ከተውኩት አሥር ቀን ሆነኝ፤ ሕመሙም ቀለል ብሎኛል።» ወዲያው ይዣቸው ሄጄ ግፊታቸውን ሳስለካ 185 በ110 ሆኖ ተገኘ። ግማሽ አካልን የሚያሽመደምደው አደጋ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስቤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ሁለቱን ፓኮዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ጥቂት አየቻቸውና «ሽንታቸው ጠቁሯል?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ጭን ሕመም እያወራሁ ስለ ሽንት መጠየቋ ግራ ገባኝ። ለካስ ዋናው ጥያቄ እርሱ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲምቫስታቲንን የሚሰባብረው በአንጀትና በጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ነው። እንደ ሰፈር ወፍጮ አድርጋችሁ አስቡት። አምሎዲፒን ወደዚያው ወፍጮ ይገባና ሥራውን ያዘገየዋል፤ ሲምቫስታቲኑም ሳይፈጭ ይከመራል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል። የተከማቸው መድኃኒት ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ሲበረታ የጡንቻው ፍርስራሽ ከደም ጋር ወደ ኩላሊት ይወርዳል፤ ሽንቱም እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል፤ ኩላሊትም ሥራ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለው ጽኑ ጉዳት እምብዛም የማይደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሲምቫስታቲን እንዳይወስድ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። ዲልቲያዜም ወይም ቬራፓሚል ለሚወስዱት ደግሞ ወሰኑ 10 ነው። አባቴ ይውጡ የነበረው 40 ነበር።

እንግዲህ አባቴ የታዘቡት እውነት ነበር፤ የፈረዱት ግን በተሳሳተው ላይ ነው። አምሎዲፒኑን ሲተዉ ወፍጮው ተለቀቀና ሕመሙ ቀነሰ። የግፊት ክኒኑ ወንጀል ሳይኖርበት ተባረረ፤ ሌላው ማታ ማታ መግባቱን ቀጠለ።

ሐኪሙ ደማቸውን አስመረመረ፤ ጡንቻቸው መጠነኛ ጉዳት ደርሶበታል፤ ኩላሊታቸው ግን ደኅና ነበር፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሲምቫስታቲኑን አስቆመ፤ አምሎዲፒኑን በዚያው ቀን አስጀመረ። ሕመሙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለቀቃቸው። ከዚያም ከአምሎዲፒን ጋር እምብዛም የማይጋጨውን አቶርቫስታቲን በ20 ሚሊ ግራም አዘዘላቸው። እናቴ «ደግሞ ሌላ?» ብላ ነበር። እኔም በውስጤ ብያለሁ። ሐኪሙ ግን የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅም ቀላል እንዳልሆነ አስረዳን። አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን ከሻጋታ አገኘው፤ ከ1987 ወዲህ ደግሞ ይህ ቤተሰብ ብዙ ሰው ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጠብቋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ሁሉም የግፊት መድኃኒት እንዲህ ይጋጫል ማለት አይደለም። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወደዚያ ወፍጮ አይገቡም። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን ነው። ጨጓራ የማያመው ማን አለ? ይህ መድኃኒት ወፍጮውን ፈጽሞ ሊዘጋው ስለሚደርስ ከሲምቫስታቲን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ የአምሎዲፒንንም ኃይል ከፍ አድርጎ ግፊትን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ለጨጓራ የምትሄዱ የግፊትና የኮሌስትሮል ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ረመዷን ሲቃረብም የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በሱሑር ተወስዶ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ሊከብድ ይችላል። የአባቴ ሁለቱም ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሐኪሙ ከኢፍጣር በኋላ አድርጎላቸዋል።

አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን በአንዲት ወረቀት ተጽፎ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከመስበሐቸው ጋር ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ሐኪሙ ገና «አፍዎን ይክፈቱ» ሳይላቸው ወረቀቷን አውጥተው ዘረጉለት። እርሱም ከላይ እስከ ታች አነበበና «አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?» አላቸው። «ጭኔ» አሉት።