አቧራው የጋረደው ብርሃን

በበጋ ወራት አቧራ ሲበዛ፣ ፀሐይ ወደ ማታ ደብዝዛና ቀልታ ስትታይ ያልተመለከተ የለም። ፀሐይዋ አልደከመችም። በመካከል ያለው አየርና አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ እየበተነ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በጋላክሲዎችም ላይ የሚደርሰው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኢስፋሃን ሰማይን ይከታተል የነበረው አብዱረህማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ በመጽሐፉ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ የመዘገባት አንድሮሜዳ፣ ዛሬ ፎቶዋ ሲታይ በመካከሏ የጠቆሩ መስመሮች አሏት። ልጄ ፎቶውን አይታ «አባዬ፣ እዚህ ጋ ኮከብ የለም?» አለችኝ። ኮከብማ አለ፤ ብርሃኑን የጋረደው አቧራ ነው። አቧራ ስል የደጃችንን ዓይነት አይደለም፤ ከጭስ ብናኝ ጋር ይቀራረባል።

ለመሆኑ የተጋረደው ምን ያህል ነው? ዲስክ መሰል ጋላክሲ እንደ እንጀራ ሰፊና ስስ ነው። ከፊት ሲታይ ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ አጭር ነው፤ በጠርዙ ሲታይ ግን ረጅም ስለሆነ ይደበዝዛል። ችግሩ አንዱን ጋላክሲ አገላብጦ ማየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህም ክርክሩ ረዘመ። ስዊድናዊው ኤሪክ ሆልምበርግ በ1958 ዲስኮቹ በከፊል ብርሃን ያሳልፋሉ ሲል፣ ሆላንዳዊው ኤድዊን ቫለንታይን በ1990 አብዛኛውን ይጋርዳሉ አለ።

በ2008 በሳይመን ድራይቨር የተመራ ቡድን የተጠቀመበት ዘዴ እኔን ከሁሉ በላይ አስገርሞኛል። አንዱን ማዞር ካልተቻለ፣ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ያጋደሉ ዐሥር ሺህ ያህል ጋላክሲዎችን ማወዳደር ይቻላል። ጋላክሲዎች ፊታቸውን ወደ እኛ የሚያዞሩበት ምክንያት የላቸውም፤ በጠርዛቸው የሚታዩት በጅምላ ደብዝዘው ከተገኙ ተጠያቂው አቧራው ነው። እንደዚያም ሆኖ ተገኘ። ከዋክብት ከሚያመነጩት ብርሃን ከየጋላክሲው የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነ! በዓይን ብርሃን ብቻ የሚመዝን ሰው የጎረቤቶቻችንን ሀብት በእኩሌታ ያሳንሳል ማለት ነው።

ቀሪው ግን የትም አልጠፋም። ብርሃኑን የዋጠው አቧራ ይሞቅና ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ጨረር ይመልሰዋል፤ ይህን ጨረር በ1983 የመጠቀችው አይራስ የተባለች ሳተላይት በመላው ሰማይ ማለት ይቻላል ቃኝታዋለች። ተዋጠ የተባለው ኃይልና በኢንፍራሬድ የተለካው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሂሳቡ ገጠመ።