ከፎቶግራፉ ጀርባ

ባየሁት ቁጥር የማልጠግበው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። ወንዝ ላይ ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ፣ በጀልባው ላይ ድንኳን፣ በድንኳኑም የምድጃ ጭስ ማውጫ። ቤት እንዳይሉት ይንሳፈፋል፤ ጀልባ እንዳይሉት ምግብ ይበሰልበታል። የኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ የባርነም ብራውን ጀልባ ነው፤ ወንዙም በካናዳ፣ አልበርታ የሚፈሰው ሬድ ዲር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ብራውን የዳይኖሰር ቅሪተ አካል ፍለጋ በዚህ ጀልባ ወረደ። ወንዙ ሜዳውን ሰንጥቆ ጥልቅ ሸለቆ አበጅቷል፤ 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ዐለት ግራና ቀኝ ተገልጦ ይታያል። በጄሶ የተጠቀለለ አጥንት ሸክሙ አይቻልምና ጀልባው ማደሪያም መጋዘንም ሆነ። ትንኙ ደግሞ ፊትን በመረብ ካልሸፈኑ አያሠራም። በረጃጅም መቅዘፊያ አቅጣጫውን እያስያዙ ከውኃው ጋር ቁልቁል መውረድ ነው እንጂ ያን የመሰለ ጀልባ ሽቅብ መመለስ ዘበት ነው። ያለፉት ዳርቻ አለፈ።

በዚያው በጋ ብራውን አልቤርቶሳውረስ የተባሉ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች በአንድነት የወደቁበትን ስፍራ አገኘ። ጥቂቱን ቆፍሮ ወሰደ፣ ቀሪውን ትቶ ወረደ። ታላቅ አጥንት ፈላጊ ነበር፤ ማስታወሻ መጻፍ ላይ ግን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰነፍ ነበር። ቦታው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳዊው ተመራማሪ ፊሊፕ ከሪ የብራውንን ጥቂት ፎቶግራፎች ይዞ ሄደ፤ በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ኮረብቶች ከምድሩ ጋር እያስተያየ ስፍራውን አገኘው። ሰማንያ ሰባት ዓመት ሙሉ አድራሻው በፎቶው ጀርባ ተቀምጦ ኖሯል።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። የአያቴ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አለኝ፤ መንዝ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው። ቤቱ ፈርሷል። ቦታውን የሚያውቀው አጎቴም ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ለዓመታት ፊታቸውን ብቻ ሳይ ኖሬ፣ አሁን ከትከሻቸው በላይ ማየት ጀመርኩ። ሁለት የጽድ ዛፎች አሉ፤ ተቆርጠው ይሆናል። ከጽዶቹ ኋላ ግን አናቱ ላይ ጎደል ያለ ሸንተረር ወደ ግራ ይወርዳል። እርሱን ማን ይቆርጠዋል?

በጥቅምት፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ፎቶውን ይዤ እሄዳለሁ። የሸንተረሩ መጨረሻ ግን አይታይም። ከብዙ ዓመት በፊት ፍሬም ስገዛለት አልገባ ቢለኝ፣ የግራውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።