ሁላችንም የምንበላው አደን



ለሽርሽር ቦታ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላል። አዳማ ውስጥ በአንድ ሰፈር የምንኖር አምስት ቤተሰቦች ግን ባለፈው ጥቅምት ሦስት ምሽት ሙሉ ተከራክረንበታል። ከአምስቱ ሦስቱ የሙስሊም፣ ሁለቱ የክርስቲያን ቤቶች ናቸው። ከመካከላችን ሽማግሌ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ጡት ያልጣለ ሕፃን አለ። ጎረምሶችም አሉ፤ እነሱ የፈለጉት ደግሞ አደን ነበር።

መጀመሪያ የተጠራው አዋሽ ነው። ሳላውን፣ ፏፏቴውንና የፈንታሌን ተራራ ማየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ አደን የሚታሰብ አይደለም። ቀጥሎ ከላንጋኖ በስተምሥራቅ በአርሲ ደጋ ያለው የሙኔሳ ጫካ ተነሣ። እዚያ በእርግጥ በፈቃድ ይታደናል። ሆኖም ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጡትም በአብዛኛው ለአንድ ቀንድ ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍሉ የውጭ ሰዎች ናቸው። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም።

ጎረምሶቹ፣ «እንግዲያው ፈቃድ አውጥተን ቆቅና ጅግራ እንምታ» አሉ።

በዚህ ጊዜ አጎታችን ሐጂ ተናገሩ። አደን በመሠረቱ ሐላል መሆኑን፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ የየብስን አደን የከለከለው በኢሕራም ላይ ላለ ሰው መሆኑን፣ አዳኙም የአላህን ስም ማውሳት እንዳለበት አስረዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ያለውን ፍጡር የዒላማ መጫወቻ ማድረግን መከልከላቸውንም አስታወሱን።

«ልጆቼ፣ የምትገድሉት ልትበሉት ነው ወይስ ልትጫወቱበት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንበላዋለን፣ ሐጂ።»

«ከማን ጋር?»

ይህ ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ቆቋን የእኛ ልጅ ቢመታት ጎረቤቶቻችን አይቀምሷትም፤ የእነሱ ልጅ ቢመታት እኛ አንቀምሳትም። ለካ ልጆቻችን እማማ የሚሏቸው ጎረቤታችን «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ያሉት አሟቸው ሳይሆን ይህንኑ አስበው ኖሯል።

እኒህ እናት አባታችን የሞቱ ጊዜ ሽሮና ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ሠርተው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ሥጋ የሚባል ሳያስጠጉ፣ ሦስት ቀን ያበሉልን ናቸው። እሳቸው በሐዘናችን ቀን ስለ እኛ አሰቡ፤ እኛ በደስታችን ቀን ስለ እሳቸው አላሰብንም። አፈርን።

መፍትሔውን ያገኘነው ከዚያችው ሱራ ነው። የውኃ አደን በኢሕራም ላይ ላለው ሰው እንኳ የተፈቀደ ነው። ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ያጠመደው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። መድረሻችን ባቱ፣ የዝዋይ ሐይቅ ሆነ። ሐጂ ራሳቸው እማማ ቤት ሄደው ጋበዟቸው።

የመንገዱን ሰላም አስቀድመን ጠይቀን፣ ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ በሞጆና በመቂ በኩል ተጓዝን። ጎረምሶቹ ከአጥማጆቹ ጋር መንጠቆ ይዘው ዋሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ዓሣ የገዛነው ከአጥማጆቹ ነው። እማማ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አልበላም ስላሉ ቆሮሶ ብቻ መረጥን። እሳቸውና እናታችን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅርፊቱን ሲልጡ፣ አባ ኮዳዎቹ ዙሪያቸውን ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቁ ነበር። በሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹን ከመዋኘት ከለከልናቸው። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን በጀማዓ ስንሰግድ፣ ሕፃናቱን ከውኃው ዳር የጠበቁልን እማማ ናቸው።

ከዚያም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። «ይህ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ምን ያህል አደራ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ችግሩ አደራውን በሽርሽራችን ቀን መርሳታችን ነው። የተለያየ ሰው ይዛችሁ ስትጓዙ ስለ መኪናው ኪራይ ከመነጋገራችሁ በፊት «እዚያ ብንሄድ ማን ይቀርብናል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ይህን ጥያቄ ያነሣነው በሦስተኛው ምሽት ነው፤ እናንተ በመጀመሪያው አንሡት።

አላህ (ሱ.ወ.) ጉርብትናችንን ያሳምርልን። አሚን።