የዕጣኑ ጭስ ያሳየን ቀዳዳ

ትናንት ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ኤሲው ከጠዋት ጀምሮ ይሠራል፤ ቤቱ ግን አልቀዘቀዘም።

ዕጣኑ ሲጨስ ግን አንድ ነገር አየሁ። ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ታጠፈ።

ኤሲውን አጥፍቼ ማጨሻውን ይዤ ቤቱን ዞርኩ። በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ዳር፣ ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ሁሉ ጭሱ ይወዛወዛል።

«አክስቴ፣ የምትከፍዪበት ቅዝቃዜ በዚህ ነው የሚወጣው» አልኳት።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በበር ሥር ይሾልካል። በምትኩ ቆርቆሮው ሥር የጋለው አየር በኮርኒሱ ክፍተት ይገባል።

ድሬዳዋ ባቡሩ ሲደርስ በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍ ያለ ኮርኒስና የእንጨት መዝጊያ ያላቸው የድሮ ቤቶቿ አየር እንዲመላለስባቸው የተሠሩ ናቸው። ኤሲ ደግሞ የተዘጋ ቤት ይፈልጋል።

ዛሬ ጠዋት ለመስኮቱ ዳር ሲሊኮን፣ ለበሩ ጎማ ገዝተን ሥራ ጀመርን።

አንድ ነገር ግን አደራ! ከሰል ሲነድ መስኮት ይከፈት። ትናንት ዘግተን መቀመጣችን ልክ አልነበረም፤ የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝም ከፈት አድርጉት፤ ቤቱ ይተንፍስ።

እናንተስ በድሬ፣ በአዋሽ፣ በጋምቤላ ያላችሁ፣ የድሮ ቤታችሁን ሙቀት እንዴት ትከላከላላችሁ? ወላጆቻችሁ ያስተማሯችሁ ዘዴ ካለ ንገሩን።