የረቡዕ ችብስ

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ሙግት ለአንበሳሜ ሰው አዲስ አይደለም። ከተማዋ ያለችበት የደራ ወረዳ በአንድ ጎኑ ጣናን ስለሚነካ ቀረሶውም አምባዛውም ሩቅ አይደለም። አንዱ በጾም ያስጠብሳል፤ ሌላው ደም ያለው ሁሉ ያው ሥጋ ነው ብሎ ወደ ሽሮው ይመለሳል። ነገሩ ቡና ላይ ይነሣል፣ የንስሐ አባት ይጠየቃሉ፣ ከበረካው በኋላም ሳይቋጭ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። በችብስ ግን ማንም ተሟግቶ አያውቅም። ድንች ነው፣ በዘይት ተጠበሰ፣ አለቀ።

የአገሬው ልጅ አሜሪካ ሲሄድ በዓሣው ላይ ያለውን ጥርጣሬና በችብሱ ላይ ያለውን እምነት አብሮ ይዞ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ሁለቱም ይገለበጡበታል።

ሲጀመር ጾም ላይ ሳይወድቅ የሚጓዝ ሰው ዕድለኛ ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ የሑዳዴው 55 ቀን፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ተደማምረው ምእመኑን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህኑን ወደ 250 ቀን ያጾማሉ። ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ግማሽ በግማሽ ጾመኛ ሆኖ ይበራል ማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውማ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ዘጠኝ ሰዓት በየትኛው አገር አቆጣጠር?

ቺካጎ ወይም አትላንታ ላይ ሌላ አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው «የጾም ምን አላችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ቀና ብሎ ያያል፤ በመብራት የደመቀው ሰሌዳ ላይ ሥጋው በቺዝ፣ ዶሮው በማዮኔዝ፣ ሰላጣው ሳይቀር በወተት ተዋጽኦ ተለውሶ ተደርድሯል። ቀድሞ የሄደ ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አትጨነቅ፣ ችብስ ብላ።»

ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ ደግሞ የማክዶናልድስ ገንዘብ ተቀባይዋ ራሷ ሐበሻ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው።

«ጋሼ፣ ጾመኛ ነዎት? ዓሣ ልስጥዎት?»

«ዓሣ የጾም ነው ብለሽ ነው፣ ልጄ?»

«እንጃ፤ የኛ ቄስ አይሆንም ይላሉ። ማታ የምትተካኝ ልጅ ደግሞ ትበላለች።»

ጋሼ ዓሣውን ትተው ትልቁን ችብስ ያዛሉ። ሙግቱ ከጣና ዳር ውቅያኖስ ተሻግሮ ጠብቋቸዋል።

የዚያ ዓሣ ታሪክ ግን ቢነገራቸው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ አይቀሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ዳር፣ ሉ ግሮን የሚባል ሰው አንድ የማክዶናልድስ ቅርንጫፍ ነበረው። ሰፈሩ በብዛት ካቶሊክ ነው፤ ካቶሊክ በዚያ ዘመን ዓርብ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ የግሮን በርገር ዓርብ ዓርብ ገዢ አልነበረውም። ሰውዬው በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ መሐል አድርጎ ሊሸጥ አሰበና ፈቃድ ጠየቀ። የድርጅቱ ባለቤት ሬይ ክሮክ ሱቄ ዓሣ ዓሣ እንዲሸት አልፈልግም የሚል ዓይነት ሰው ነበር። የራሱም ፈጠራ ነበረው፦ በሥጋው ፈንታ የተጠበሰ የአናናስ ክብ በቺዝ፣ ስሙም ሁላ በርገር። ሁለቱ በስቅለት ዓርብ ይወዳደሩ ተባለ። በሚነገረው ቁጥር ዓሣው 350 ተሸጠ፣ አናናሱ 6። እነዚያን ስድስቱን የገዙት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ደስ ይል ነበር።

በ1965 ዓሣው በመላው አሜሪካ ተሰራጨ። በዓመቱ የአሜሪካ ጳጳሳት ከዐቢይ ጾም ውጭ ያለውን የዓርብ ግዴታ አላሉት፤ ዓሣው ግን የምግብ ዝርዝሩን ሳይለቅ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ጋሼ የተጠራጠሩት ምግብ ከመነሻው ለጾመኛ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ጾሙ የሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። ካቶሊኩ የተከለከለው ሥጋን ስለሆነ ዓሣው ላይ ግማሽ ቁራጭ ቺዝ ጣል ተደርጎበታል፣ እንቁላል ያለበት ነጭ ስልስም ፈሶበታል። ሁለቱ ይውጡልኝ ያለ ኦርቶዶክስ የሚቀረው ደረቅ ዳቦና ዓሣ ነው፤ የዓሣው ሙግት ደግሞ እንዳለ አለ።

ወደ ችብሱ እንመለስ። ማክዶናልድስ ድንቹን ለአሥርት ዓመታት የጠበሰው በአብዛኛው በቀለጠ የበሬ ሞራ ነበር፤ ያ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ጣዕም ከዚያ የመጣ ነው። ፊል ሶኮሎፍ የሚባል የኦማሃ ነጋዴ የልብ ድካም ከያዘው በኋላ በገዛ ገንዘቡ በየጋዜጣው ማስታወቂያ እያወጣ ዘመተባቸው፣ በ1990ም ድርጅቱ ወደ አትክልት ዘይት ዞረ። አትክልት በላተኞች ተደሰቱ። ጣዕሙ እንዳይጠፋ ግን ድንቹ ላይ የበሬ ቅመም መጨመሩን ብዙዎቹ አላወቁም ነበር። በ2001 ነገሩ ሲወጣ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ሲያትል ላይ ከሰሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2006 ደግሞ ቅመሙ ከስንዴና ከወተት የተገኘ ነገር እንዳለበት አስታወቀ።

ቅመሙ የሚጨመረው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ድንቹ እዚያው ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ለብ ለብ ተደርጎ ይጠበስና በረዶ ሆኖ በካርቶን ይመጣል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ላይ ያለችው ልጅ ብትጠየቅም «ድንች ነው፣ ጋሼ» ከማለት ሌላ የምታውቀው የለም። ዓሣውን በጾም ምክንያት የተዉት ሰው በሬና ወተት የነካውን ችብስ በሰላም ጨርሰው ይነሣሉ። ለንደን ቢሆኑ ኖሮ ግን ነጻ ነበሩ፤ የእንግሊዙ ችብስ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም። ያው የድርጅት ስም፣ ያው ቀይ ካርቶን፣ ጾም የሚሆነው ግን እንደ አገሩ ነው።

ድርጅቱ ለሃይማኖት ራሱን ማስተካከል አቅቶት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሕንድ ሲገባ የበሬም የአሳማም ሥጋ ሳይዝ ገባ፤ ወጥ ቤቱንም ለሁለት ከፍሎ ሥጋ የሚሠራው እጅ አትክልቱን እንዳይነካ አደረገ። ኢትዮጵያስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር፤ ያ ብቻ ከ30 ሚሊዮን በላይ ጾመኛ ነው። ማክዶናልድስ አልመጣም እንጂ ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከፍቷል፣ ከአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶችም ቀዳሚው እሱ ነው። ያለ ቺዝ የሚጋገር የጾም ፒዛ ግን የከተማዋ ልጆች ከዚያ በፊትም ያውቁታል። ጣልያን ቢያየው ያለቅሳል፤ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ግን ወረፋ አለው።

ደብረ ታቦር ላይ የችብሱ ነገር ቀላል ነው። የፋርጣና የጋይንት ደጋ ድንች አብቃይ አገር ስለሆነ ድንቹ በጆንያ ከገበያ ይገዛል፣ ሰው እያየ ይላጣል፣ ይቆረጣል፣ መጥበሻ ውስጥ ይገባል። የበሬ ቅመም የሚጨምር ፋብሪካ በመሐል የለም። ማክሰኞ ማታ በዚያው ዘይት ምን ተጠብሶበት እንደነበር የሚጠይቅ ጾመኛ ግን እስካሁን አልተገኘም።